የሐሙሱ ጠመንጃ

አባቴ ያኔ ፍጹም ጤነኛ ሰው እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። በዘጠኝ ዓመቴ ግን እጁ ታሟል፣ ሕመሙም ከእጁ አልፎ ወደ ጭንቅላቱ እየወጣ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ያለ ማስረጃ ያመንኩ እንዳይመስላችሁ። ማስረጃ ነበረኝ፤ ያውም በዓይኔ በብረቱ ያየሁት።

አባቴ ጠመንጃ ሠሪ ነበር። የሚሠራው ዘመናዊውን አይደለም፤ ባሩዱንም አረሩንም ከአፉ የሚጎርሰውን፣ አንዴ ከተተኮሰ በኋላ እንደገና እስኪጎርስ ሻይ የሚያስጠጣውን የድሮ ረጅም ጠመንጃ ነው። በከተማችን እንዲህ ያለውን ጠመንጃ የሚወዱ ሰዎች የተኩስ ክበብ ነበራቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ጫፍ ባለ ሜዳ ተሰብስበው፣ ቆመው፣ ምንም ሳይደገፉ ኢላማ ይመታሉ፤ ሲስቱ ደግሞ ነፋሱን ይወቅሳሉ። ከክበቡ ጠመንጃ በአባቴ እጅ ያላለፈ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሱቁና ቤታችን በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ነበሩ። ወላጅ እናቴን አላውቃትም፤ ገና ዳዴ ሳልል ነው የሞተችው። ያሳደጉኝ አባቴና አብራን የምትኖረው ታላቅ እህቱ ናቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ለአክስቴ ወርውሬ በቀጥታ ወደ ሱቁ እገባለሁ። የእንጨት ፍቅፋቂና የዘይት ሽታ ውስጥ ሳጥን ላይ ቁጭ ብዬ የተሠራውን ሁሉ አንድ በአንድ ስለምመረምር አባቴ «አለቃ» ይለኝ ነበር። ደንበኞቹም «አለቃ አጽድቃዋለች ወይ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔ ግን ቀልድ መሆኑን አላውቅም፤ በሙሉ ልቤ አጸድቅ ነበር።

አባቴ የታወቀው በክብደት ነው። ማንም ሠሪ ጠመንጃ ይጠግናል፤ አባቴ ግን ጠመንጃውን ከተኳሹ ክንድ ጋር ያስማማል። አንድ ቀን ነገሩን ሊያስረዳኝ ረጅሙን መጥረጊያ በመሃሉ አስያዘኝ።

«ከበደሽ?»

«አልከበደኝም።»

ቀጥሎ በጫፉ አስያዘኝና ወደፊት ቀጥ አድርጊው አለኝ። ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ያው መጥረጊያ አይደል? ምንም አልጨመርኩበትም» አለኝ። «ጠመንጃም እንደዚሁ ነው። ክብደቱ ከፊት ከበዛ ክንድ ይዝላል፣ አፈሙዙ ይወርዳል፣ አረሩ መሬት ይልሳል። ከኋላ ከበዛ ደግሞ አፈሙዙ ይቀልና ሰውዬው በተነፈሰ ቁጥር ይወዛወዛል። ስለዚህ በሁለቱ እጆች መሃል እናስቀምጠዋለን፤ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ወደፊት አድልተን።»

ለዚህ ሥራ ከጣሪያው የወረደች የሲባጎ ገመድ ነበረችው። ጠመንጃውን በገመዷ ቀለበት ውስጥ ያስገባና ወዲያ ወዲህ እያንሸራተተ፣ ወደ የትም ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ የሚንጠለጠልበትን ቦታ ይፈልጋል። ያንን ቦታ «እምብርት» ይለዋል። እምብርቱ ለተኳሹ ክንድ በሚስማማው ቦታ ሲገኝለት በወስፌ ጫፍ እንጨቱ ላይ የማትታይ ነጥብ ይወጋል፤ ከዚያም «በቃ» ይላል። በቃ ካለ አለቀ። አባቴ በቃ ብሎ የተመለሰበትን ሥራ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ እስክትመጣ ድረስ።

የመጣችው ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ሐሙስ ሱቋን ግማሽ ቀን ትዘጋለች። አጭር ሴት ናት። አንገቷ ላይ የልክ ሜትር እንዳጠለቀች፣ የቀሚሷ ኮሌታ ላይ ስፒል እንደተሰካ፣ እሷን የሚያክል ጠመንጃ በመጋረጃ ጨርቅ ጠቅልላ ገባች።

«ጤና ይስጥልኝ። ይሄን እንዲያዩልኝ ነበር።»

«ይግቡ፣ ይግቡ» አለ አባቴ፣ እጁን በሽርጡ እየጠረገ።

«የአባቴ ነው። ክበቡ በእሳቸው ቦታ እንድተኩስ ፈቅዶልኛል። ሳነሳው ደህና ነው፤ ትንሽ ስቆይ ግን አፈሙዙ እየወረደ እየወረደ ጫማዬን ማየት ይጀምራል።»

ክበቡ የፈቀደላት ሊቀመንበሩ ጡረተኛው ሻምበል ስለፈቀደ ነው፤ ሻምበል የፈቀደው ደግሞ አትችልም ብሎ ነው። ይህንን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አባቴ ጠመንጃውን አስነሥቷት ዙሪያዋን ዞረ። «አባትዎ ረጅም ሰው ነበሩ» አለ።

«በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ።»

«ክንዳቸው ሩቅ ይደርሳል። ለእሳቸው ልክ ነበር። የእርስዎ ክንድ ግን…» አለና ቆመ፤ ሳል ሳይኖርበት ሳለ። «የእርስዎ ክንድ ደህና ነው።»

ደህናውን ክንድ ለማየት ተንጠራራሁ። ለእኔ አጭር ክንድ ነበር።

በዚያ ሳምንት አባቴ ሥራውን እንደ ወትሮው አሳምሮ ሠራ። የሰደፉን የብረት ሽፋን በካቻቢቴ ፈታ፣ እንጨቱን ከውስጥ በመሰርሰሪያ ቦረቦረ፣ ትንሽ ጣቴን የሚያካክሉ የእርሳስ ዘንጎች አቅልጦ አፈሰሰና አንድ በአንድ እየጨመረ በገመዷ ላይ ሞከረው። እምብርቱ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ የፈለገው ቦታ ላይ ሲቆም ነጥቧን ወጋት። «በቃ» አለ። እኔም አጸደቅሁ።

ሐሙስ ልብስ ሰፊዋ መጥታ ጠመንጃውን ወደ ትከሻዋ አነሳች። ፊቷ ፈካ።

«ይሄማ ሌላ ጠመንጃ ሆነ! አመሰግናለሁ፤ እንግዲህ ልውሰደው?»

አባቴ ሴትዮዋን አየ፣ ጠመንጃውን አየ፣ በሩን አየ።

«ገና ነው» አለ።

«ገና ነው?»

«ትንሽ ይቀረዋል። ለሚመጣው ሐሙስ ብቅ ቢሉ ይደርሳል።»

ልብስ ሰፊዋ ጠመንጃውን መለሰችለት። «እርስዎ ካሉ እሺ» ብላ ሄደች።

«አባዬ፣ በቃ ብለህ ነበር እኮ» አልኩት።

«አለቃ፣ ሂጂ ውኃ አምጪ» አለኝ። ውኃውን አመጣሁ። ማንም አልጠጣውም።

በማግስቱ ያየሁት ነገር ልቤን ስንጥቅ አደረገው። አባቴ ራሱ ያስገባውን እርሳስ ራሱ ፈትቶ አወጣው። ሐሙስ ሴትዮዋ ስትመጣ አፈሙዙ እንደ ድሮው ወደ መሬት ወረደ፤ አባቴም ራሱን እየነቀነቀ «አዎ፣ አየሁት፣ ከፊት ነው» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እርሳሱን ሁሉ ከነትርፉ ጠቀጠቀው፤ አፈሙዙ አየር ላይ መደነስ ጀመረ። «አሁን ደግሞ ከኋላ ነው» አለ፣ እሷን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ከኋላ ሲከብድ ምን እንደሚሆን በሰፊው እያስረዳ። ይህንኑ ባለፈው ሐሙስ አስረድቷት ነበር። እሷም ባለፈው ሐሙስ ጠይቃው የነበረውን እንደገና ጠየቀችው። ምስኪን፣ ነገር የማይገባት ሴት ናት ብዬ አዘንኩላት።

ሕመሙ በዚህ አላበቃም። ለሽርጡ ግድ የሌለው ሰው ሐሙስ ሲሆን በዚያ ሙቀት ከሽርጡ ሥር ኮት ይለብሳል። ጢሙን ጠዋት ተላጭቶ ከምሳ በኋላ ይደግመዋል። ሱቁን ይጠርጋል፤ አባቴ መጥረጊያ የሚያነሳው ለማስተማሪያ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ሻዩን በሞረድ ሲያማስል አየሁት። ጠጣውም።

አክስቴ ጓሮ ልብስ ስታጥብ ከግድግዳው ጥግ ሆኜ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«ይሄ ነገር በአንተ ዕድሜ ሲይዝ ይጠናል፣ ወንድምዬ» ትለዋለች።

«እታለም፣ ተይኝ።»

«ሳይብስብህ ተናገር።»

«ተናግሬ እምቢ ብባልስ?»

«ዝም ብለህ ብታልቅስ? እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትሆነው?»

አባቴ አንገቱን ደፍቶ የልብሱን ገንዳ በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው። እኔም የሆስፒታል በር ላይ እምቢ ተብሎ ሲመለስ ታየኝና እዚያው ጥጉ ላይ እንባዬ መጣ።

ነገሩን ያከረረው ሻምበል ነው። ከውድድሩ በፊት በነበረው ሰኞ ለአረሩ መጠቅለያ ጨርቅ የሚቀባ ስብ ሊወስድ መጣና ጠመንጃውን መደርደሪያው ላይ አየው። አንስቶ አነጣጠረ፤ ጢሙ ተቆጣ።

«የልብስ ሰፊዋ አይደለም? እስካሁን እዚህ ነው? ደግሞ ከኋላ ከብዷል እኮ።»

«እያየሁት ነው፣ ሻምበል።»

«ስማ ወዳጄ፤ የኔን በአንድ ከሰዓት ነው የጨረስክልኝ። እጅህ ከድቶህ ከሆነ ንገረን፤ ነውር የለውም። ቅዳሜ ውድድር ነው። ያቺ ሴት በዚህ ጠመንጃ ሰው ፊት ቆማ ሜዳውን ስታርሰው ብትውል ግን የክበቡን ጠመንጃ ሁሉ ወንዝ ማዶ ላለው ሠሪ ነው የምወስደው።»

ወንዝ ማዶ ያለው ሠሪ በመዶሻ የሚያምን ሰው ነበር። አባቴ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። «ለቅዳሜ ይደርሳል» አለ ብቻ፣ በቀስታ። ከዓመታት በኋላ እንደነገረኝ፣ ሐሙስ ጠዋት ሊያስተካክለው ቆርጦ ነበር፤ በመጥፎ ጠመንጃ ሊያሰልፋት በጭራሽ አላሰበም። በዚያን ሰዓት ሲያስብ የነበረው ከውድድሩ በኋላ ቃታው ምን ሆኗል ብሎ እንደገና እንደሚያመላልሳት ነበር።

እኔ ግን ይህንን ከየት ልወቅ? ያየሁት አንድ ነገር ነው፦ ቅዳሜ የአባቴ ስም ሊጠፋ ነው። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሄድኩ።

ከቁመቷ በላይ በሆነ ቀይ መጋረጃ ተከባ ቁጭ ብላለች፤ ለስብሰባ አዳራሽ የሚሆን ነበር። የመጋረጃውን ጠርዝ እያጠፈች ውስጡ ትንንሽ ክብ የእርሳስ ፍሬዎች ትሰፋለች።

«እንዴት ዋልሽ፣ አለቃ?»

«አባቴ ታሟል» አልኳት።

መርፌዋ ቆመ። «ምኑን?»

«እጁን። ጭንቅላቱንም ሳይሆን አይቀርም። እባክዎ ቅዳሜ ቢስቱ እሱ ነው ብለው አይናገሩበት።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የታመመው?»

አሰብኩ። «እርስዎ ከመጡ ጀምሮ።»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። በመጀመሪያው ሳምንት ልክ እንደነበር፣ በቃ እንዳለ፣ ነጥቧን እንደወጋ፤ ከዚያ ወዲህ እርሳሱን ራሱ እያወጣ ራሱ እንደሚያስገባ። ኮቱን ነገርኳት፣ ጢሙን ነገርኳት፣ ሞረዱን ነገርኳት። አክስቴ ይጠናል እንዳለችም አልደበቅኋትም። ልብስ ሰፊዋ መጋረጃው ላይ ድፍት ብላ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንጀቴን በላችው። ጠጋ ብዬ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኋት።

«አይዞዎት» አልኳት።

«ደህና ነኝ» አለች፣ ዓይኗን በመጋረጃው ጠርዝ እየጠረገች። ፊቷ ልክ እንደ መጋረጃው ቀልቶ ነበር። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፤ ለማንም አልናገርም።»

ለማጽናናት ያህል ስለ ሥራዋ ጠየቅኋት። መጋረጃ ከሥሩ ካልከበደ ነፋስ ይጫወትበታል፤ እርሳሱ ነው ቀጥ አድርጎ የሚያስወርደው አለችኝ። ወጥቼ መንገድ ላይ እያለሁ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። አባቴ ረስቶት ይሆናል እንጂ ልኩ የት እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። ነጥቧ እንጨቱ ላይ አለች።

ቤት ስደርስ አባቴ እንጨት ሊመርጥ ወጥቷል። ሳጥኔን ከገመዷ ሥር አስጠግቼ ወጣሁበት። ጠመንጃውን ወደ ቀለበቷ ለማስገባት የታገልኩትን እኔ ነኝ የማውቀው፤ አንዴ ሰደፉ አገጬን መቶኝ ምላሴን ነክሻለሁ። ገመዷን ነጥቧ ላይ አደረግሁ። ሰደፉ ወደ ታች ሄደ። ሽፋኑን ፈታሁና ከእርሳሶቹ አንዱን አወጣሁ፤ አሁንም ወደ ታች። ሌላም አወጣሁ። እንዲህ እያልኩ ቀጥ ሲል የቀሩት ዘንጎች ጉድጓዱ ውስጥ እንዳይንኳኩ የአሮጌ ካልሲዬን ጫፍ ቆርጬ ጠቀጠቅሁበትና ሽፋኑን መልሼ አሰርኩት። ጠመንጃው ገመዷ ላይ ፀጥ ብሎ ተኛ። «በቃ» አልኩ፣ በአባቴ ድምፅ። የአባቴን ስም ያዳንኩ መስሎኝ ከሳጥኑ ላይ ስወርድ ደስታዬ ቅጥ አልነበረውም።

ሐሙስ ጠዋት አባቴ ወደ ጠመንጃው ሳይደርስ ሻምበል መጣ፤ መጣና አልሄድ አለ። የሴትዮዋን ጠመንጃ በዓይኔ ሳላይ ንቅንቅ አልልም ብሎ ወንበሩን ተቆጣጠረው። አባቴ ላይ ታች ይላል፣ ካቻቢቴውን ያነሳል፣ ያስቀምጣል። ከሰዓት ልብስ ሰፊዋ ገባች። አባቴ የሚሆነውን እያወቀ፣ እንደ ተከሳሽ፣ ጠመንጃውን አቀበላት።

አነሳችው። አፈሙዙ ግድግዳው ላይ ያለችውን ሚስማር አየና እዚያው ቆመ። አልወረደም፣ አልተወዛወዘም። አባቴ አፉን ከፈተ።

«ገና…»

«ምኑ ነው ገናው?» ብሎ ሻምበል ጠመንጃውን ተቀበላትና አነጣጠረ። ጢሙ ቀስ እያለ ተረጋጋ። «ልክ ነው። እንዲያውም ከእኔው ይሻላል። ይውሰዱት እንጂ እመቤቴ፣ ከዚህ በላይ ምን ይሆናል?»

አባቴ ጠመንጃውን ነጥቆ ገመዷ ላይ ሰቀለው። ቀጥ አለ። በጣቱ ነካ አደረገው፤ ተወዛውዞ ተመልሶ ቀጥ አለ። ጎንበስ ብሎ ነጥቧን አየ። እንዲህ ቀልቡ የተገፈፈ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። እኔ ግን ሳጥኔ ላይ ሆኜ በደስታ እግሬን አወዛውዛለሁ።

«እንግዲያውስ ልውሰደው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ድምፅዋ ቀዝቀዝ ብሎ። «ለድካምዎ ሁሉ አመሰግናለሁ።»

«ኧረ ምንም አይደል» አለ አባቴ። ሌላ የሚናገረው ነገር ያለው መስሎ ነበር፤ ሻምበል ግን ስለ ነፋስ ማውራት ጀምሮ ነበር።

ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋ ስፒሏን እንኳ ከኮሌታዋ ሳትነቅል ቆማ ተኮሰችና አንደኛ ወጣች። ሻምበል ሦስተኛ ወጣ፤ ነፋሱንም አልማረውም። ከዚያ ግን ትልቅ ሰው ነውና ሰዎቹን አልፎ መጥቶ የአባቴን እጅ ጨበጠ። «እጁ ከድቶታል ያለው ማን ነው?» ብሎ ዙሪያውን በቁጣ ተመለከተ። ሁሉም አባቴን ጨበጡት። አባቴ እያንዳንዱን «አመሰግናለሁ» ይላል፤ ዓይኑ ግን ጠመንጃዋን በመጋረጃ ጨርቅ እየጠቀለለች ያለችውን ሴት ይከተላል። እሷም አንዴ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ሁለቱም ወደየቤታቸው ሄዱ።

የሚቀጥለው ሐሙስ መጣ። አባቴ ሁለቴ ተላጨ፣ ሱቁን ጠረገ፣ ኮቱን ለበሰ። ማንም አልመጣም። በሩ በነፋስ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይላል። ሲመሽ ኮቱን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ስሙን አድኜለት፣ እጁን አድኜለት፣ ሰውዬው ጭራሽ ባሰበት።

«የልብስ ሰፊዋን ጠመንጃ ማን አስተካከለው?» አለችኝ አክስቴ በዚያው ሳምንት፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በድንገት።

«እኔ» አልኩ በኩራት።

አክስቴ የያዘችውን ማንኪያ አስቀምጣ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች፤ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ሳያልቅ ፊቷ አዘነ። «አይ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ» አለችና ጭንቅላቴን ደባበሰችኝ። ምን ለማለት እንደፈለገች አልነገረችኝም።

ከዚያ ወዲያ የነበረው ሐሙስ ያየሁት ይባስ ብሎ አስፈራኝ። አባቴ ኮቱን ከሚስማሩ አወረደ፤ ደህና ኮት ነው፣ አንድም የጎደለው የለም። የእንጨት መቅረጫ ቢላውን አነሳና የመሃለኛውን ቁልፍ ቆረጠው። ቁልፉን ሽርጡ ኪስ ከተተ፣ ኮቱን ክንዱ ላይ ጣል አደረገና ወጣ። በበሩ ሆኜ ተከታተልኩት። እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ሄደ፤ እዚያ ቆመ፤ ተመለሰ። ኮቱን ሰቀለና ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እንጨት መላግ ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ በዚያው ሰዓት ሱቋን ዘግታ መስኮቷ ሥር ቁጭ ብላ እንደነበር ያወቅሁት ከራሷ አፍ ነው። «አንድ ሐሙስ እንኳ እሱ ይምጣ ብዬ ነበር የጠበቅሁት» አለችኝ። «ያንን ሁሉ መንገድ ጠመንጃ ተሸክሜ የተመላለስኩ እኔ ነኝ።»

በሚቀጥለው ሐሙስ በሩ ተከፈተና ያ የመጋረጃ ጨርቅ ጥቅል ገባ፤ ከኋላው እሷ።

«አፈሙዙ ቀለለኝ» አለች፣ ጣሪያውን እያየች። «አልቆም አለኝ።»

አባቴ ጠመንጃውን ተቀብሎ ነጥቧን ገመዷ ላይ አደረገ። ሰደፉ ዘጭ አለ። እኔ ክው አልኩ። የእኔ ሥራ ነበር፤ ያጸደቅሁት። አባቴ ሽፋኑን ፈታ፤ እርሳሶቹ እንደተውኳቸው አሉ። ከጉድጓዱ ቡኒ ካልሲ ጎትቶ አወጣ።

«አለቃ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የኔ።»

ካልሲውን አየ፣ እኔን አየ፣ ራሱን ደጋግሞ ነቀነቀ። ከዚያ ሰደፉ ጎን ወዳለችው የመዳብ ክዳን ዞረ። የድሮ ጠመንጃ ሰደፉ ላይ ትንሽ ሳጥን አለችው፤ አረሩ የሚጠቀለልበት ጨርቅ ይቀመጥባታል። ክዳኗን ሲከፍታት ውስጧ ጨርቅ አልነበረም። የሳጥኗን ቅርፅ ይዛ በልኳ የተሰፋች፣ በመጋረጃ እርሳስ ፍሬዎች የተሞላች ቀይ ከረጢት ነበረች። አባቴ ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃኑ አገላበጣት።

«ጥሩ ስፌት ነው» አለ በመጨረሻ። «ገበርም አለው።»

«ልማድ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። ወደ ግድግዳው ዞር ስትል ዓይኗ ኮቱ ላይ አረፈ። ጠጋ ብላ ቁልፍ የጎደለበትን ቦታ በሁለት ጣቷ ያዘችው። ክሮቹን ወደ ዓይኗ አቀረበች።

«ይሄ ቁልፍ ወልቆ አይደለም የወደቀው» አለች። «ወልቆ ቢሆን ክሩ ይተረተር ነበር። ይሄ በስለት ነው የተቆረጠው።»

«አዎ» አለ አባቴ።

«የት አለ?»

አባቴ እጁን ሽርጡ ኪስ ከቶ ቁልፉን አወጣና ጠረጴዛው ላይ፣ ከከረጢቷ አጠገብ አስቀመጠው። ሁለቱም ዕቃዎቹን ማየት ያዙ። ሁለቱም በሥራቸው ጥፋት የተያዙ መሰለኝና አሳዘኑኝ። ካቻቢቴውን አነሳሁ።

«እኔ አስተካክለዋለሁ» አልኳቸው። «አውቀዋለሁ፤ ምንም አይፈጅም።»

«ተይው» አሉኝ፣ ሁለቱም በአንድ አፍ።

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ወደ እኔ ሳትዞር «አለቃ፣ እስቲ ውኃ አምጪልን» አለችኝ። ሄድኩ። ስመለስ ኮቱ ጉልበቷ ላይ ነበር፤ መርፌዋ ይወጣል ይገባል። አባቴ ሳጥኔ ላይ ቁጭ ብሎ «አንቺ» እያለ ያወራታል። ውኃውን ራሴ ጠጣሁት።

አሁን ሱቁ የእኔ ነው። ገመዷ ስትበጠስ ስትቀየር እዚያው ቦታ ተንጠልጥላለች። ያ ጠመንጃ ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅሏል፤ ከረጢቷም ውስጡ ናት። በደህናው ዘመን ልብስ ሰፊዋ ለውድድር ስትሄድ ከረጢቷን አውጥታ ኪሷ ትከታት ነበር፤ ስትመለስ መልሳ ታስገባታለች፤ አባቴም ክዳኗን ነካ አድርጎ መኖሯን ያረጋግጣል። አዲስ ደንበኞች አንስተው ሲሞክሩት «ወደ ኋላ ከብዷል እኮ፤ አንቺን የመሰለች ሠሪ እንዴት እንዲህ ትተይዋለሽ?» ይሉኛል። እስቃለሁ፣ አላስረዳቸውም።

አባቴ ከሞተ ወዲህ ሐሙስ ከሰዓት ብቻዋን ትመጣለች። አሁን አርጅታለች፤ ጠመንጃውን ማንሳት አትችልም። ሳጥኔ የነበረው ላይ ቁጭ ትላለች፣ ወደ ላይ ታየዋለች፣ ሻይዋን ትጠጣለች። ልትሄድ ስትነሳ በሩ ላይ ዞር ብላ ትጠይቀኛለች።

«ደረሰ?»

«ገና ነው፣ እማዬ» እላታለሁ። «ለሚመጣው ሐሙስ ብቅ በይ።»